ጽሑፉ ይሄዳል፣ ፎቶው ይቀራል

ጽሑፍ እየሄደ ፎቶ ስለሚቀርበት ኢንተርኔት እዚህ ቤት ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ የተሰጠው መልስ አሁን 34 ደርሷል። መሃል ላይ ስለ ሶፋ፣ ስለ አይጥና ስለ ውሃ ፈረቃ ብዙ ስለተወራበት አዲስ የሚመጣ ሰው ፍሬውን ከገለባው ለመለየት ይቸገራል። መጨረሻው ምን ሆነ እያለ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝም አልጠፋም። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ላውራችሁ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነው።

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከሦስት ወር በፊት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ገባሁ። የሂሳብ ሥራዬን የምሠራው ከቤት ነው። ፋይበር አለኝ። ዩቲዩብ ሳይቆራረጥ ያሳየኛል። ቴሌግራም ላይ ጽሑፍ ስሰድ ወዲያው ይሄዳል፤ ፎቶ ስሰድ ግን ክቧ እየተሽከረከረች ትቀራለች። ለደንበኛ በኢሜይል የማያይዘው የኤክሴል ፋይል አይወጣም። አንዳንዱ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የሚገርመው ደግሞ አሮጌው ላፕቶፔ ላይ የሚከፈተው ገጽ አዲሱ ላይ እምቢ ይላል። የስልኬን ዳታ ሃትስፖት ሳደርግ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነው። ስፒድ ቴስትም ደህና ነው፤ ማውረዱ የከፈልኩበትን ያህል ይመጣል፣ መጫኑ ብቻ አንዳንዴ ዜሮ ላይ ቆሞ ይቀራል። ራውተሩን አጥፍቼ አብርቻለሁ። ደውዬም ነበር፤ መስመሩ ጤነኛ ነው ተባልኩ። ግራ ገብቶኛል፤ የገባው ይንገረኝ።

1ኛው መልስ አጥፍተህ አብራው የሚል ነው። ማጥፋት ማብራቱን ጽፌው ነበር፤ ግን ማን እስከ መጨረሻው ያነባል። 2ኛው ትሁት ሰው ነው። ራውተሩን ከግድግዳ ጥግ አውጥቼ ከፍ ያለ ቦታ እንዳስቀምጠው፣ የዋይፋዩንም ቻናል እንድቀይር መከረኝ። አመስግኜው ሁለቱንም አደረግኩ። ፎቶው አሁንም ቀረ። 3ኛው ምክር ሳይሆን አቤቱታ ነበር። የአገሩን ኢንተርኔት በሙሉ ከሰሰ፤ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ ሆኖ ፈርዶ ሄደ። ከመልሶቹ ሁሉ ብዙ መውደድ ያገኘው እሱ ነው።

ነገሩን የያዘችው 4ኛዋ ናት። አያት ሰፈር የምትኖር፣ ኔትወርክ ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። ከጽሑፌ ውስጥ ሁለት ነገር ነቅሳ አወጣች። አንደኛ፣ የሚያልፈው ሁሉ ትንሽ፣ የሚቀረው ሁሉ ትልቅ ነው። ሁለተኛ፣ እኔ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግኳት የስፒድ ቴስቷ ዜሮ። መስመሩ ዘገምተኛ ቢሆን ኖሮ መጫኑም ያዘግም ነበር እንጂ ዜሮ ላይ አይገተርም ነበር አለች። ስለዚህ ፍጥነቱን ተወውና መጠኑን እንይ ብላ ገባችበት።

እንዳስረዳችው ከሆነ የምንልከው ነገር ሁሉ ተቆራርጦ በፓኬት በፓኬት ነው የሚሄደው። አንድ ፓኬት ምን ያህል ሊተልቅ እንደሚችል ደግሞ ወሰን አለው፤ ኤምቲዩ የሚባለው እሱ ነው። ቤታችን ያለው የኢተርኔት ገመድ ወሰኑ 1500 ባይት ነው። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1980 ከወጣው የኢተርኔት ስምምነት ጀምሮ ያለ ነው። ከዚያ ምርመራውን ነገረችኝ። ዋይፋዩን ትቼ በገመድ ልገናኝ። ዊንዶውስ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ልክፈት። ፒንግ ብዬ (ወደ አንድ አድራሻ ፓኬት ሰዶ መልሱን የሚጠብቅ ትእዛዝ ነው)፣ ሰረዝ ኤፍ፣ ቀጥሎ ሰረዝ ኤል 1472 ብዬ አንድ የታወቀ አድራሻ ልጻፍ። ኤፏ ፓኬቱን መንገድ ላይ እንዳትቆራርጡት ማለት ናት። 1472 የሆነው ለአይፒ፣ ማለትም ፓኬቱ ላይ ለሚለጠፈው አድራሻ፣ 20፣ ለፒንጉ ደግሞ 8 ባይት ስለሚጨመር ነው፤ ሲደመር 1500 ይሞላል። ሊኑክስ ላይ ሰረዝ ትልቁ ኤም ዱ ሰረዝ ኤስ፣ ማክ ላይ ሰረዝ ትልቁ ዲ ሰረዝ ኤስ መሆኑንም ለሌላው አንባቢ ጨመረች። አንድ ማስጠንቀቂያም ነበራት። ትልቅ ፒንግ የማይመልስ አድራሻ ስላለ ከአንድ በላይ ሞክር፣ መጀመሪያ ደግሞ ትንሿን እንደሚመልስ አረጋግጥ።

5ኛው መልስ የእኔው ነው። ማታ ነበር፤ ባለቤቴ አቦሉን እየቀዳች ነው። 1472 ብዬ ሰደድኩ። አራት መስመር ወጣ፤ አራቱም ጊዜው አለፈ የሚሉ ናቸው። 1400 ብዬ ሰደድኩ። አራቱም ተመለሱ። ቀልቤ ተነሳ። 1450 ያልፋል። 1470 አያልፍም። 1460 ያልፋል። 1465 አያልፍም። 1464 ያልፋል። አሥር አሥር ጊዜ ደጋገምኩት። 1464 ከአሥር አሥሩ ተመለሰ፤ 1465 ከአሥር አንድም አልተመለሰም። አንዲት ባይት ናት ልዩነቷ። ቶናው ሲቀዳ ውጤቱን ለጥፌ ጨርሻለሁ፤ አቦሉ ግን ስኒው ውስጥ ቀዝቅዞ ቁጣ አስነስቶብኛል።

6ኛው ላይ የአያት ሰፈሯ ልጅ ወዲያው ተመለሰች። 1464 ላይ 28 ደምር፣ 1492 ይሆናል አለች። ይህ ቁጥር በአጋጣሚ አይመጣም፤ የፒፒፒኦኢ ፊርማ ነው። ፒፒፒኦኢ ማለት ራውተሩ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ሰጥቶ መስመሩ ላይ የሚገባበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ተጽፎ የወጣ ነው። እያንዳንዱ ፓኬት ላይ የራሱን 8 ባይት ይለጥፋል። ከ1500 ላይ 8 ሲነሳ 1492 ይቀራል። እንግዲህ 8 ባይት ምን ያህል ናት ብላችሁ ታውቃላችሁ? አንድ የግዕዝ ፊደል፣ ኮምፒዩተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8፣ ሦስት ባይት ይይዛል። ሰላም ብላችሁ ብትጽፉ 9 ይሆናል። ሰላም ለማለት እንኳ የማትበቃ ነገር ናት ሦስት ወር ያንከራተተችኝ።

7ኛው የተማሪ ጥያቄ ነው፤ ጥሩ ጥያቄ። ፓኬቱ ከተለቀ ለምን አንድ አካል ተለቀብኝ ብሎ አይናገርም? ለምን ዝም?

8ኛው ኮዬ ፈጬ የሚኖር ሰው ነው፤ የሶፋው ወሬ የተጀመረው በእሱ ነው። በዚያው ሰሞን ሶፋ ገዝቶ ኮንዶሚኒየም ሊያወጣ ሲሞክር ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀርቅሮበታል። ነገሩ ልክ እንደዚያ ነው አለ። ሶፋው ካላለፈ አንዱ አማራጭ ፈታትቶ ማስገባት ነው፤ ፓኬቱን መቆራረጥ ማለት ነው። ዛሬ ግን አብዛኛው ፓኬት እንዳይፈታ የሚል ምልክት ተለጥፎበት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ተሸካሚዎቹ ወደ ሱቁ ደውለው ደረጃው ይህን ያህል ነው፣ ያነሰ ላኩ ማለት አለባቸው። ያ ስልክ አይሲኤምፒ ይባላል፤ ዓይነት 3፣ ኮድ 4። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1990 ተጽፎ የወጣ ነው። ችግሩ የሱቁ ዘበኛ ነው። ፋየርዎሉ ማለቱ ነው። የማላውቀው ሰው ስልክ አላቀብልም ካለ ሱቁ ምንም አይሰማም። ሶፋው ደረሰ ብሎ ይጠብቃል፣ አልደረሰም ሲባል ያንኑ ሶፋ ደግሞ ይልካል። አንዳንዱ ገጽ የሚከፈትልኝ፣ አንዳንዱ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ሊሆን ይችላል አለ፤ የአንዳንዱ ሱቅ ዘበኛ ስልክ ያቀብላል።

እኔ ስለ ኢንተርኔት ካነበብኩት ሁሉ እንዲህ ቁልጭ ያለልኝ የለም። ግን ጣጣም አመጣ። ከ9ኛው እስከ 12ኛው ድረስ ስለ ፓኬት የተነፈሰ የለም። አንዱ ተሸካሚ በፎቅ ነው የሚያስከፍለው ወይስ በዕቃ ብሎ ጠየቀ። አንዱ በረንዳ ላይ በገመድ መሳብ ይሻላል አለ። ሌላው የእነሱ ብሎክ ኮሚቴ ይህን መከልከሉን በምሬት ነገረን። 12ኛዋ ሶፋው የሚሸጥ ከሆነ ቀለሙን ጠየቀች። ወደ ነገራችን እንመለስ ብዬ ለመንኩ።

ስንመለስ ጠብ ጠበቀን። 13ኛው ሰው ኤምቲዩውን 1464 አድርገው፣ አለቀ አለ። 14ኛው ላይ የአያቷ ልጅ አስተካከለችው፤ 1464 የፒንጉ ሆድ ነው፣ 28ቱን ሳትደምር ወሰን አትበለው፣ ትክክሉ 1492 ነው። ሰውየው 15ኛው ላይ እሱ ቤት 1464 አድርጎ ሁለት ዓመት እንደሠራለትና ከመጽሐፍ ያነበቡ ሰዎች ምክር እንደማያስፈልገው መለሰ። 16ኛው ሌላ ሰው ገብቶ መሥራቱማ ይሠራል፣ ሰፊ ጫማም ያደርሳል፣ ልኬ ነው ግን አትበል አለው። እውነቱን ለመናገር ጠቡ ከጉዳዩ በለጠ። 28 ባይት ቢጎድል ኪሳራው ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ግን ልጅቷ ልክ ነበረች፤ ሰውየውም መታረም ከሚያማቸው ሰዎች ነው።

17ኛው ላይ አንድ ጡረታ የወጡ አባት ገቡ። ሁላችን አንተ አንቺ ስንባባል የቆየን ሰዎች በአንድ ጊዜ አንቱታ ጀመርን። ጋሼ ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በ1997 አገራችን ከገባ በኋላ ባሉት ዓመታት በስልክ መስመር ይጠቀሙ እንደነበር፣ ሞደሙ ሲጮኽ ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ይስቁ እንደነበር አወጉን። ያኔ ኤምቲዩ 576 ሲሆን ነበር የሚሻለው፤ አሁንም እሱን ሞክር አሉኝ። 18ኛው በጣም በትህትና ነው የመለሰላቸው። ያኔ ልክ ነበሩ። በ33.6 ኪሎቢት መስመር አንድ 1500 ባይት ፓኬት ብቻውን ከሩብ ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ ትንንሽ ፓኬት መላክ ያዋጣ ነበር። ፋይበር ላይ ግን ትንሽ ፓኬት የሚያተርፈው የለም። እያንዳንዱ ፓኬት 40 ባይት ለአድራሻና ለመቆጣጠሪያ ይከፍላል፤ ጭነቱ ትንሽ በሆነ ቁጥር ኪራዩ ይከብዳል። ጋሼ አመስግነው መርቀውት ወጡ። ይኸው ሰው ለ13ኛው እንዲህ ቢመልስለት ኖሮ ጠብም አይኖርም ነበር።

19ኛው ይህን ሁሉ ከመጠየቅ ጎግል ላይ ፈልገህ አታነብም ወይ ብሎ ቆጣ አለ። ገጹ አልከፈት ብሎኝ እኮ ነው።

20ኛው ላይ የአያቷ ልጅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። ራውተሩ የማን ነው? እዚህ ጋ ማፈሬ አልቀረም። የመጣልኝ የፋይበር ሳጥን ሳሎን ነው ያለው፤ ዋይፋዩ መኝታ ቤት አልደርስ ስላለኝ ሳጥኑን ብሪጅ አስደርጌ (መስመሩን ዝም ብሎ እንዲያሳልፍ ብቻ) ከኋላው ያገለገለ ራውተር ገዝቼ ሰክቻለሁ። ስሙንና የይለፍ ቃሉን የሚሰጠው አሁን ያ ያገለገለው ራውተር ነው። ይህን መጀመሪያ አለመጻፌ የእኔ ጥፋት ነው። ደውዬ መስመሩ ጤነኛ ነው ያሉኝም አልዋሹም፤ እስከ ሳጥኑ ድረስ ጤነኛ ነበር።

21ኛው የእኔ ነው። የራውተሩን ገጽ ከፈትኩ። የይለፍ ቃሉ ከታች ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ግማሹ ተልጧል። የመስመሩ ገጽ ላይ ገባሁ። ከስሙና ከይለፍ ቃሉ በታች፣ ማንም የማያያት አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ኤምቲዩ ትላለች። ውስጧ 1500 ተጽፏል። የቀድሞው ባለቤት በእጁ ያስገባው መሆን አለበት። እንግዲህ ራውተሬ ደረጃው ሰፊ ነው ብሎ አምኖ ነው ሶፋውን የሚገፋው። ስለሚያምን ለኮምፒዩተሬ ምንም አይነግረውም። ከእሱ በላይ ያለው መሣሪያ ደግሞ የተለቀውን ዝም ብሎ ይጥለዋል። ያ ነው ዝምታው።

1500ን አጥፍቼ 1492 ጻፍኩ። ራውተሩ ጠፍቶ ነቃ። ቀይዋ መብራት አረንጓዴ እስክትሆን ሁለት ደቂቃ የምታህል ጊዜ ቆሜ ጠበቅኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት 1472ን መልሼ መስደድ ነበር። አሁንም አላለፈም፤ ግን ጊዜው አለፈ የሚለው መስመር ጠፍቷል። በምትኩ የራሴ ራውተር አድራሻ መጣ፤ ፓኬቱ መቆራረጥ አለበት፣ ተከልክሏል ይላል። ዝም ያለው ሰውዬ አፉን ፈታ። ከዚያ ፎቶ ላክሁ። ክቧ አንዴ ዞራ ጠፋች። ኮምፒዩተሩ ላይም ስልኩ ላይም የነካሁት ነገር የለም።

22ኛው ለቀድሞው ባለቤት ጠበቃ ቆመለት። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ተጨማሪ ስምምነት አለ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሉት መሣሪያዎች 1508 ባይት ከተቀበሉ በፒፒፒኦኢም ላይ ሙሉ 1500 ማሳለፍ ይቻላል። ምናልባት ሰውዬው እንዲህ ዓይነት መስመር ነበረው። ምናልባትም ትልቅ ቁጥር ይሻላል ብሎ ነው። እኔ ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ።

23ኛው ፕሮግራመር ነው፤ የአሮጌውን ላፕቶፕ ነገር የፈታው እሱ ነው። ብሮውዘሩ አንድ ገጽ ሲከፍት መጀመሪያ ሰላምታ ያቀርባል። ድሮ ይህች ሰላምታ አንድ ፓኬት ውስጥ በቀላሉ ትገባ ነበር። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ግን ክሮም፣ ነገ የኳንተም ኮምፒዩተር እንዳይፈታው ብሎ 1184 ባይት የሚሆን ቁልፍ ሰላምታው ውስጥ ጨመረ። ስለዚህ ሰላምታው አንድ ፓኬት ሞልቶ ይተርፋል። የሞላው ፓኬት ደግሞ እኔ ጋ አይወጣም። አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ያለው ብሮውዘር ከዓመታት ወዲህ ስላልታደሰ ሰላምታው አጭር ነው፤ ያልፋል። የእኛ አገር ሰላምታ እንደሆነባቸው ነው የታየኝ። ደህና ነህ ብሎ አይበቃም፤ ቤተሰቡ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ እየተባለ ይቀጥላል። ዩቲዩብ ምንም ያልሆነውም ኩዊክ በሚባለው መንገድ ስለሚሄድ ነው አለ። ኩዊክ ከ1200 ባይት ይጀምርና ከፍ ሊል ሲፈልግ ራሱ እየሞከረ ያያል፤ የማንንም ስልክ አይጠብቅም።

24ኛው ኑዛዜ ነው። ጀሞ ላይ ኢንተርኔት ቤት ያለው ሰው ነው። ሚክሮቲክ በሚባለው ራውተሩ ላይ ለደህንነት ብሎ አይሲኤምፒን በሙሉ ዘግቶ ነበር። ከዚያ ደንበኞቹ ፎርም ይሞላሉ፤ ሰነድ መጫን ግን አቃታቸው። ኮምፒዩተር ሲፎርማት፣ ገመድ ሲቀይር ሁለት ሳምንት አለፈው። በመጨረሻ ያን አንድ መስመር ሲያጠፋው ሁሉም ተስተካከለ። ሰነድ ሊጭኑ መጥተው ከፍለው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሰዎች ፊት አሁንም ይታየዋል።

25ኛው ሹል ነበር። ደህንነት አውቃለሁ የሚል ሰው ነው፤ አይሲኤምፒን ክፍት የሚተው አላዋቂ ነው አለ። 26ኛው መለሰለት፤ ፒንግ መዝጋት ሌላ፣ ዓይነት 3ን መዝጋት ሌላ ነው፣ ሁለቱን የማይለይ ሰው ስለ ደህንነት ባያስተምር። እንደተጣሉ ቢቀሩም 26ኛው ቁም ነገር ጥሎ ነው የሄደው። ራውተሩ ላይ የኤምኤስኤስ ማስተካከያ የሚባል አለ፤ ሚክሮቲክም ሊኑክስም ላይ ይገኛል። ሁለት ማሽኖች በቲሲፒ፣ ማለትም አብዛኛው ድረ ገጽና ኢሜይል በሚሄድበት መንገድ፣ ሲተዋወቁ ምን ያህል ልላክልህ ብለው ይነጋገራሉ። ራውተሩ መሃል ገብቶ 1460 የሚለውን 1452 አድርጎ ያስተላልፈዋል። ሱቁ ከመጀመሪያው አነስ ያለ ሶፋ ይልካል፤ ስልክ መደወልም አያስፈልግ። የሚሠራው ግን ለቲሲፒ ብቻ ነው።

27ኛው የለገጣፎው ሰው ነው፤ እኔ ከአያቷ ልጅ ቀጥሎ የማመሰግነው እሱን ነው። ትልቅ ፓኬት የጠፋ ሁሉ የኤምቲዩ ችግር አይደለም አለ። እሱ ጋ ትንሽ ፒንግ ከአሥር አሥሩ ይመለስ ነበር፤ መሃለኛው ስምንት፣ ትልቁ ስድስት። ቁጥሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ሁለት ቀን ፈጀ። ለካ ጣሪያ ላይ ያለውን ገመድ አይጥ በልቶታል። የተጎዳ ገመድ ላይ ፓኬቱ በረዘመ ቁጥር የመበላሸት ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ምልክቱን ተመልከቱ። ኤምቲዩ ገደል ነው፤ 1464 ሁሌ ያልፋል፣ 1465 መቼም አያልፍም። የገመድ ችግር ዳገት ነው፤ ቀስ በቀስ ይብሳል። በአይጡ ምክንያት ድመት ስለመያዝም አንድ አንቀጽ ጽፏል፤ እሱን ዝለሉት።

28ኛዋ ከቤት ለውጭ ድርጅት የምትሠራ የኮዬ ፈጬ ልጅ ናት። ከድርጅቱ ኔትወርክ ጋር በተዘጋ መስመር የሚያገናኛት ዋየርጋርድ ቪፒኤኗ ይገናኛል፣ መልእክት ይመጣል፣ ፋይል ስትከፍት ግን ይደርቃል። 29ኛው 1412 አድርጊው አላት። 30ኛው ስሌቱን ሳታውቅ ቁጥር አትርጭ ብሎ ተቆጣው። ዋየርጋርድ በአሮጌው አይፒ፣ በቨርዥን 4፣ ላይ 60፣ በአዲሱ፣ በቨርዥን 6፣ ላይ 80 ባይት ይጨምራል፤ የተለመደው 1420 ላይ 60 ቢደመር 1480 ነው፣ በ1492 ውስጥ ይገባል፣ ችግር የሚሆነው ቨርዥን 6 ከሆነ ብቻ ነው። 29ኛው የእሱ ቁጥር ለሁለቱም ስለሚሆን ምን አገባህ አለው። 31ኛው ላይ ልጅቷ ተመልሳ ሁለቱንም ዝም አሰኘች። ቤቷ ፋይበር የለም፤ በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ነው ያላት። ራሷ ስትለካው ገደሉ 1412 ላይ ነው፤ 28 ሲደመር 1440። ከዚያ 60 ቀንሳ 1380 አደረገችው፣ ሠራላት። ሁለቱ ሰዎች እሷ በሌለችበት መስመር ላይ ነበር የሚዋጉት።

32ኛውና 33ኛው ቱሉ ዲምቱ ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ነው ወይስ ዓርብ በሚለው ተከራከሩ። እኔም ሳላስበው መልስ ልሰጥ ነበር።

34ኛው ከእኛ ብሎክ ሁለት ብሎክ ወረድ ብሎ ያለ ሰው ነው። እሱም ፎቶ አይወጣለትም፤ እባክህ ና እይልኝ አለ። እሁድ ከሰዓት ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። 1500 የተጻፈባትን ሳጥን አጥፍቼ ጀግና ሆኜ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ገጹን ስከፍት 1492 ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ፒንጉን ጀመርኩ። በትንሹ አሥር፣ በ500 ዘጠኝ፣ በ1000 ሰባት፣ በ1464 አምስት። ገደል የለም፤ ዳገት ነው። ተነስቼ ገመዱን ተከተልኩት። ከሳጥኑ ተነስቶ በበረንዳው የብረት በር ሥር ያልፋል። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሲጨፈልቀው ኖሮ ልባሱ ተልጦ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ይታያሉ። ታች ካለው ሱቅ አምስት ሜትር ገመድ ገዝተን ቀየርነው። 1464 ከአሥር አሥር። የተጨፈለቀውን ገመድ ፎቶ አንስቼ እዚያው በእሱ ዋይፋይ ለለገጣፎው ሰው ላክሁለት። ወዲያው ሄደ።